ዛሬ ጠዋት በሬን ያንኳኩት ሦስት ሰዎች

ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቶቼ ጋሼ ታደሰና እትዬ አበበች፣ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ላይ አብሮኝ ፓርኪንግ ከሚሠራው ከዳዊት ጋር ቆመዋል። አንዳቸውም ሰላም አላሉኝም።

በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። መርዶ ነው።

እትዬ አበበች ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጋሼ ታደሰ «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። 

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አለ ዳዊት በመጨረሻ። «የሜሮን ውጤት ነው፤ ሦስት ነጥብ ጎደላት።»

ሜሮን አዲስ አበባ ያለች እህቴ ናት። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እርሷ እንድትማር ነው። ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ የተቀበላትም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከመቁረጫ ነጥቡ ካላነሰ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ልትነግረኝ ፈርታ፣ ለዳዊት ደውላ ሰዎቹን የላከችብኝ ራሷ ናት። (እኔ ደግሞ ለለቅሶ የምለብሰውን ኮት በዓይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር።)

«የእኔም ልጅ እንዲሁ ጎድሏት ነበር» አሉ ጋሼ ታደሰ። «ሶ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሳይጽፉላት ቀድማ ዛሬውኑ ኢሜይል ታድርግላቸው። ቦታ ካልሞላ ሊቀበሏት ይችላሉ፤ ካልሆነም ሌላ የትምህርት ክፍል ትጠይቅ።»

ስልኬን ተቀብዬ ደወልኩላት።

«ለአንተስ ሦስት ሰው መጣልህ» አለችኝ። «እኔ ውጤቱን ያየሁት ብቻዬን ነው።»

ኢሜይሉን ጽፋ እስክትልክ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም። መልሱን እየጠበቅን ነው።

እናንተስ ውጤት የጎደላችሁ ቀን አጠገባችሁ ማን ነበር? ምንስ አደረጋችሁ?