አራት ዘንዶ በኳይ ዴሻን በር ላይ

ጎረቤቴ ኳይ ዴሻን በሐይቃችን ዳር ዳክዬ ያረባል። ዝምታው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጎህ ሲቀድ መንጋውን ወደ ውሃ ሲነዳ የቀርከሃ በትሩን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ድምፅ አያሰማም፤ ዳክዬዎቹ ይገባቸዋል። ሴት ልጁን ሱዬን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ግን አልገባቸውም። «ይሄ ቤት ነው መቃብር?» ብለው ሄዱ።

አሁን ሱዬ የምትወደው ጀልባ ጠጋኙ ዩንሼንግ ወላጆቹን ሊያመጣ ነው። ይህም ከቀረ ሌላ አላገባም ብላለች።

ዓመቱ ዕድል ያመጣል በሚባለው በዘንዶ የተሰየመ ነበርና ዴሻን ለአዲስ ዓመት በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሊያስጽፍ ገበያ ወርዶ፣ ‹ዘንዶ› የሚለው ምልክት በብዛት የተደጋገመበትን ፊደል አጻፈ። አራት ዘንዶ፣ ሁለቱ ከላይ ሁለቱ ከታች፣ በቀይ ወረቀት ላይ ተጨናንቀው። አንዱ ዕድል ካመጣ አራቱ ምን አያመጡ! በሩ ላይ ተለጥፎ ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው ማዕበል የሚሰማኝ መሰለኝ።

የዩንሼንግ አባት፣ ጡረተኛው መምህር ቴንግ፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳቁ።

«ወንድም ኳይ፣ ይሄ የጥንት ፊደል ነው። ዛሬ ማንም አይጽፈውም። ትርጉሙን ታውቃለህ? ‹ለፍላፊ› ማለት ነው።»

«ውይ ጉዴ!» አለች የዴሻን ሚስት ሩዪ። «ቅደደው አንተ ሰውዬ!»

«የአዲስ ዓመት ወረቀት ይቀደዳል እንዴ? ዕድላችንን ልቅደድ?» አለ ዴሻን።

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እንግዲያው» አሉ መምህር ቴንግ እየተቀመጡ፣ «እንደ በርህ ሁን። እስቲ አጫውተን።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። የዩንሼንግ እናት ቦርሳቸውን አነሱ። ሱዬ አባቷን አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ዳክዬ…» አለ ዴሻን። ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳክዬ ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል የምትጥለው…»

ከዚያማ ማን ያቁመው! ስለ አስኳል፣ ስለ ጭቃ፣ ስለሚጠላው አንድ አውራ ዳክዬ፣ ስለዚያ አውራ እናት አወራ። ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ ከአፉ እየበተነ ቀጠለ። መምህር ቴንግ ለመነሳት በሞከሩ ቁጥር እጅጌያቸውን ጎትቶ ያስቀምጣቸዋል። «አንዴ ብቻ፣ ዋናው ገና ነው!» ግድቡ የፈረሰ ወንዝ አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አየሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የዩንሼንግ እናት ጮኹ። «ልጅቷን ወስደናል! ሠርጉን በፈለጋችሁት ቀን አድርጉት! ብቻ እባካችሁ ዝም አሰኙልኝ!»

ዴሻን አፉን ገጠመ። ሱዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ዩንሼንግ ግን በርጩማውን ወደ አማቱ አስጠጋ።

«እና አውራው በመጨረሻ ምን አደረገህ፣ አባባ?»