ጥጃዋን ያስቀደምን ለት

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ቤቴ ወረታ ነው ይባል እንጂ ዛሬ አንበሳሜ እህቴ ዘንድ ነኝ፣ ነገ ጉልበቴን ልታጠብ ወንዛዬ ፍል ውኃ። ባለፈው ክረምት ግን ተከታይ አገኘሁ። ልጄ ለሥራ አረብ አገር ስትሄድ የልጅ ልጄን ከባሕር ዳር አምጥታ እኔ ዘንድ ተወቻት።

ልጅቱ ከቦርሳዋ የማትለያት፣ መዳፍ የምታክል የጌም ማጫወቻ አለቻት። ባሕር ዳር ሳሉ እናትና ልጅ ማታ ማታ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠመው ትልቁ ይጫወቱ ነበር። ጉድ እኮ ነው ጨዋታው! ጭንቅላቱ ቅል የሆነ፣ «ቅል ራሱ» የሚሉት ሰውዬ ያገኘውን ሁሉ እየመራ ይሄዳል፤ በየደረሰበት እንቆቅልሽ ነው። ድንጋዩን ካልገፉ ድልድዩ አይወርድ፣ ገመዱን ካልሳቡ በሩ አይከፈት። ከአንድ የነፋስ ወፍጮ ሥር ካለች በር ደርሰው፣ ሳይከፍቷት የልጄ መሄጃ ቀን ደረሰ። እናትዮዋ ታዲያ ያንኑ ጨዋታ ለእጅ ተብሎ አሳንሰው የሠሩትን ላከችላት።

«እሑድ ስትደውል በሩን ከፈትሁት እላታለሁ» ትለኛለች። ቢሏት ቢሏት ወሬዋ ይኸው ነው።

«ትንሹ እንደ ትልቁ አይደለም እማማ። እዚያ ወንዙ ሰፊ ነበር።»

«መዳፍ ውስጥ የገባ ወንዝ ምን ያህል ይስፋ ብለሽ ነው?»

ቅዳሜ ወንዛዬ ወረድን። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ እሷ ማጫወቻዋን አወጣች። ከወፍጮው በፊት የቀረው ያ ወንዝ ብቻ ነው። ቅል ራሱ አንዲት ላምና ጥጃዋን ይዞ ዳር ቆሟል፤ ታንኳው የሚጭነው አንድ ብቻ፣ ውኃው ደግሞ እየሞላ ነው።

«ያን ጊዜ ያሻገረች እናቴ ናት፤ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለች። «ማንን ላስቀድም?»

«ጥጃዋን ነዋ!» አልሁ።

«ይህም ይጠየቃል?» አለች አጠገቤ የነበረች የፎገራ ሜዳ ሴት። «የርብ ወንዝ ሲሞላ እኛ ጥጃዋን በታንኳ እናስቀድማለን። ላሚቱ እምቧ እያለች ዋኝታ ትከተላለች።»

ሁሉም «ጥጃዋን! ጥጃዋን!» አለ። ልጅቱ ጥጃዋን አሻገረች። ላሚቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ሣር ትግጥ ጀመር።

«ውይ! ይህች ላም ጡት የላትም?»

«የፈረንጅ ላም ናት! ታልባ ታልባ ልጇን ረስታለች!»

እኛ ስንስቅ ውኃው ሁሉንም ዋጠ። ትልቁ ማጫወቻ የደረሱበትን ራሱ ያስቀምጥ ነበር አሉ፤ ትንሹ ካላዘዙት አያስቀምጥም። ልጅቱ ማዘዙን ረስታ ኖሮ ቅል ራሱ ከመጀመሪያው መንገድ ላይ ተገኘ። ነጠላዬ ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ስልኩ ጮኸ።

«በሩስ?» አለች ልጄ።

«አልደረስሁም። እማማና የወንዛዬ ሴቶች አሰጠሙኝ።»

«ጥጃዋን አስቀድመው?»

ተያየን። ከወዲያ ሳቋ መጣ፤ ከሄደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«እኔም'ኮ እንዲያው ነው ያደረግሁ፤ ያውም ሁለቴ! የፎገራ ልጅ አይደለሁ? ተኝተሽ ነው ያላየሽኝ። ላሟን አስቀድሚ። ተሻግራ ትጣራለች፤ ትንሽ ቆይታ ጥጃዋ ትመጣለች።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ሳቋ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ይሁን ልጄ አላወቅሁም።

«አንዳንዴ ይቆያል» አለች በኋላ።

ልጅቱ ያንኑ ቀን እንደገና ጀመረች። ወንዙ ዘንድ ስትደርስ ጠራችኝ። ላሚቱ ተሻግራ ተጣራች፤ ጥጃዋ ዳሩን ስታሸት፣ ስትመለስ፣ ኋላ ውኃው ውስጥ ገባች። በሰላም ወጣች። ከዚያ ወዲያ ወፍጮው፣ ከሥሩ በሩ። ልጅቱ አውራ ጣቷን አንስታ ቆየች፤ ያለችበትን እንዲያስቀምጥ አዘዘችና ማጫወቻውን አጠፋችው።

«አትከፍችውም እንዴ?»

«ስትመጣ።»

ሩዙ ታጭዶ ገባ። እኔም አንበሳሜ ሄጄ ተመለስሁ፤ እስካሁን አልከፈተችውም። ባትሪው እንዳይሞት ግን በየቅዳሜው ቻርጅ ታደርገዋለች።