የብረት ቆቡና ሳልተረጉም የተውኩት

አባቴ ኦክላንድ እኔ ዘንድ ከመጡ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። በስምንቱ ወር ውስጥ በመካከላችን የተነገረው ሁሉ ቢጻፍ ሁለት ገጽ አይሞላም። “አባባ፣ እንዴት አደሩ?” “እግዚአብሔር ይመስገን።” “መድኃኒትዎን ወሰዱ?” “ወስጃለሁ።” እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ደም እቀዳለሁ፤ ሺፍቴ በማለዳ ይጀምራል። ከሰዓት ስመለስ ደጃፍ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ። ዝምታው ተፈጥሯቸው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። እናቴም በሕይወት ሳለች “አባትሽን ለማናገር ቀጠሮ ያስፈልጋል” ትል ነበር።

የምንኖረው ለሁለት በተከፈለ ቤት ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ሪታየር ያደረገ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ይኖራል። መኪና የምናቆምበት ድራይቭዌያችን የጋራ ነው። በዕድሜው አንቱ ሊባል ይገባዋል። እንግሊዝኛ ግን አንቱ የለውም፤ እኔም በአማርኛ ሳስበው አንቱ ብዬው አላውቅም። ምክንያቱ ቋንቋው ብቻ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው ከሳን ሆዜ ካርቶን ጭኖ መጣ። እዚያ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ወደ ጠባብ አፓርትመንት ልትገባ ስለሆነ የወላጆቻቸውን ዕቃ ሰጥታዋለች። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ካርቶኑን እዚያው ከፈተና አንድ አረንጓዴ የብረት ቆብ አወጣ። እኔ አስቤዛ እያወረድኩ ነበር። አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዘራቸውን ረስተውት ነው የተነሡት። ቆቡን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከጠርዙ ሥር አስገብተው ገፋ ሲያደርጉት ለሁለት ተከፈለ። በአንድ እጃቸው ብረቱ፣ በሌላው ደግሞ ከብረቱ ሥር የሚጠለቀው ቀላሉ የውስጥ ቆብ ቀረ። ሰውዬው የሚለያይ መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር።

“ስንቱን ቆጥሬ ተረክቤዋለሁ” አሉ አባቴ።

“የት ነው የተረከቡት?” አልኳቸው።

“ጦር ሠራዊት ሳለሁ። ንብረት ያዥ ነበርኩ።”

እኔ የማውቃቸው የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ነው። ከእኔ መወለድ በፊት ወታደር እንደነበሩ፣ ያውም አሜሪካኖች የላኩትን ዕቃ ከአሜሪካዊ አሠልጣኝ እጅ እየተማሩ እንደተረከቡ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ድራይቭዌይ ላይ የሽንኩርት ከረጢት ታቅፌ ሰማሁ።

ሰውዬው ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ቆቡ የአባቱ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያጠለቀው እንደሆነ እሱ ያምናል። እህቱ ግን “ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የገዛው ነው” ትላለች፤ በዚህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል። “አባትሽ መቼ እንደተሠራ ሊያውቅ ይችላል?” አለኝ።

አባቴ ቶሎ አልፈረዱም። “ሳምንት ስጠኝ በይው” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆቡን በትራስ ልብስ ጠቅልሎ ይመጣል፤ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለመተርጎም እቀመጣለሁ። አባቴ ባትሪና ማጉያ መነጽር አስገዙኝ። ከግንባሩ በታች፣ ከውስጥ በኩል ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥርና ፊደል አለ። “የፋብሪካ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይሸመግላል” አሉ። ጠርዙን በጥፍራቸው እየተከተሉ ሁለቱ ጫፎች የሚገጥሙበትን ቦታ ፈለጉ፤ ከኋላ አገኙት። “የመጀመሪያዎቹ ከፊት ነው የሚገጥሙት። ከኋላ መግጠም የተጀመረው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው።” የአገጭ ማሰሪያው የሚንጠለጠልባቸውን ሁለት ቀለበቶች በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አወዛወዟቸው። “የድሮዎቹ አይንቀሳቀሱም ነበር፤ ቆቡ ሲወድቅ ይሰበራሉ። ስለዚህ እንዲህ አድርገው አሻሻሉት።”

እኔ እየተረጎምኩ እደነቃለሁ። ድምፃቸው ወፍሮ፣ እጃቸው እየተናገረ፣ አንዳንዴም ፈገግ እያሉ። እኚህ ሰው ስምንት ወር የት ነበሩ?

በአራተኛው ቀን ሰውዬው እንዲሁ “ቆቦቹ ሲመለሱ ምን ታደርጓቸው ነበር?” ብሎ ጠየቀ። አባቴ የውስጡን ቆብ ጭናቸው ላይ አደረጉ።

“ከግንባር በመኪና ተጭነው ይመጡልን ነበር” አሉ። “ወታደሩ ከውስጠኛው ላይ ስሙን በቀለም ይጽፋል። የእኔ ሥራ አጥቦ፣ ስሙን ፍቆ፣ ለሚቀጥለው ማዘጋጀት ነው። የምፍቀውን ሰው አውቀዋለሁ። ቆቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

አስተርጓሚ ሲተረጉም “እኔ” ነው የሚለው። ስለዚህ “ስሙን ፋቅኩ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ” ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ሰውዬው ግን እኔን አላየም። እጁን ዘርግቶ የአባቴን ክንድ ያዘ፤ አባቴም እጁን አልገፉትም። እኔ በመካከላቸው ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ስልክ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ ደም ሥር ሁለት ጊዜ ሳትኩ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የማስበው ያንን ክንድ ነበር። የአየር ቲኬት የገዛሁት፣ ኢንሹራንስ ለማውጣት የተሰለፍኩት፣ ጨው የሌለው ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ አንድ አሮጌ ብረት ይዞ መጣና ያባቴን ልብ ወሰደ። ቅናት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን ማወቄ ቅናቱን አላስተወኝም።

ዓርብ ዕለት አባቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሸሚዛቸውን ቀይረው ነበር።

“ብረቱ የዚያ የትልቁ ጦርነት ነው፣ መጨረሻው አካባቢ የተሠራ” አሉ። “የውስጡ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሚሠራው ግንባሩ ላይ ምልክት የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው፤ ይሄ የለውም። ይሄ ግን ብረቱን ሐሰት አያደርገውም። እኛም ሲመለስ ብረቱን ለብቻ፣ የውስጡን ለብቻ ነው የምንከምረው፤ ሲሰጥ እጅ የገባው ይሰጣል። አባቱ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በውትድርና ቆይተው እንደሆነ ጠይቂው።”

ሰውዬው ዓይኔን ዓይኔን ያያል።

“የውስጡ ቆብ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። ሁለቱ አብረው የተሠሩ አይደሉም” አልኩት። እዚያ ላይ አቆምኩ።

“ስለዚህ እህቴ ልክ ነበረች” አለ ቀስ ብሎ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁ። ቆቡን ጠቀለለ፣ አባቴን በአንገቱ እጅ ነሥቶ ወጣ። አባቴ በሩን ሲያዩ ቆዩና “ስለ አባቱ ምን አለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። “አላውቅም አለ” አልኳቸው።

ቅዳሜ አልመጣም፤ እሑድም። በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንበራቸውን ወደ እሱ በር አዙረው ይቀመጣሉ። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ እጁን ያወዛውዝና ይገባል። አባቴ ወደ ድሮ ዝምታቸው ተመለሱ። ከእኔም ጋር እንደ ድሮው። እሱን ባስቀረው ወደ እኔ የሚዞሩ መስሎኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በዘጠነኛው ቀን የሳምንቱን መድኃኒት በሣጥኑ እየደረደሩ ሳለ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ያሉትን በሙሉ አልነገርኩትም።”

እጃቸው ቆመ። “የቱን ተውሽው?”

“ብረቱ እውነተኛ መሆኑን። ስለ አባቱም አልጠየቅሁትም።”

“ለምን?”

“ቀናሁ። ለእኔ ያልነገሩኝን ለእሱ ሲነግሩ ቀናሁ።”

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንክብሏን ከጣታቸው ወደ ሣጥኑ ጣሏት። “እሱ ቆብ ይዞ መጣ፤ ስለ ቆብ አወራሁት። አንቺ መድኃኒት ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ስለ መድኃኒት አወራሻለሁ” አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ “ሂጂና ንገሪው። እኔ አብሬሽ አልሄድም።”

በሩን ሳንኳኳ ሰውዬው ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከፈተልኝ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት። ለምን እንዳደረግሁት ሲጠይቀኝ ይህንንም ነገርኩት። ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

“ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሞተ አባቴን ውሸታም ስለው ከረምኩ” አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። “አባቴ ‘የጦርነቱ ቆቤ ነው’ ከማለት በቀር ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል ሳይነግረኝ ነው የሞተው። ያንቺ ሲናገር ስሰማ የእኔን የምሰማ ይመስለኝ ነበር።”

ይቅርታ ጠየቅሁት። ለአባቴ “አላውቅም አለ” ብዬ የዋሸሁበትን ጥያቄም ጠየቅሁት፤ አባቱ ከጦርነቱ በኋላ ምን ያህል ቆየ?

“ሁለተኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ዩኒፎርም ለብሶ ሲወጣ አስታውሳለሁ።”

ተመልሼ ለአባቴ ስነግራቸው ጭናቸውን መታ አደረጉ። “እንግዲያው የውስጡም የእሳቸው ነው። አሮጌው ተሰባብሮ አዲስ ተሰጥቷቸው ይሆናል። ይህን አሁኑኑ ንገሪው።” ሄጄ ነገርኩት። ቆቡን ጋራዥ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎች ኋላ ሲያወጣው አየሁ።

ሰውዬው ይቅር ብሎኛል፤ ግን አስተርጓሚነቴ ያኔ አበቃ። በስልኩ ላይ ንግግር የሚተረጉም አፕ ጫነ። አማርኛው ያስቃል፣ አንዳንዴ የብረቱን ቆብ “የብረት ባርኔጣ” ይለዋል። እነሱ ግን ይግባባሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእህቱ ሊያስረዱ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ሳን ሆዜ ሄዱ። ልንዳላችሁ ብዬ ነበር፤ አባቴ “አንቺ ኦፍሽ ነው፣ ረፍት አድርጊ” አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ቤት ስጠርግ ዋልኩ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮት አያለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገቡ። ምሳቸውን ላሞቅ ስነሣ “በልቻለሁ” አሉ። እህትየዋ መጀመሪያ አላመነችም። ጠርዙን በራሷ ጣት አስነክተዋት፣ ቀለበቶቹን አወዛውዘውላት፣ ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለች። ባመነች ጊዜ ደግሞ ወንድሟን “ይቅር በለኝ” ብላ ዓሣ ጠብሳ አበላቻቸው። “ሁለት ጊዜ ጨመርኩ” አሉ አባቴ።

እኔ ቤት ሁለተኛ ጨምረው አያውቁም። አይቻት በማላውቃት ሴትዮም ቀናሁ። ሆኖም ምድጃውን አጥፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ “ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ስትገቡ ምን አለች?” አልኳቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ ይነግሩኝ ጀመር።