አርባው ጥያቄና የእንዳ ኢየሱስ ዳገት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለችው ሱቃችን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፦ የሱቁ ባለቤት አያ ሃፍቶም፣ የጥገና ባለሙያው ኪሮስ፣ ለልጃቸው ላፕቶፕ ሊገዙ ከወልድያ የመጡት መምህር መኮንን፣ ልጃቸው ትዕግሥትና እኔ፣ ፍጹም።

የምንሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሹ ማሽኖችን እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የምዘነጋው ነገር እንዳይኖር ደብተር ላይ አርባ ጥያቄዎች ጽፌ ነበር። ራሙ ስንት ነው? ማጠፊያው ላልቷል? የማይጽፍ ቁልፍ አለ? ባትሪው ይሞላል? ያን ቀን ጠዋትም ሱቁ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ማሽን ከአርባ ነጥብ ሰጠሁ።

ኪሮስ ደብተሩን አይቶ ሳቀ። «ፕሮፌሰር መጣልን! አያ ሃፍቶም፣ ከዛሬ ጀምሮ እኛ ተማሪዎች ነን።»

መምህር መኮንን ግን ደብተሩን ወደዱት። «ልጄ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ደርሷታል፤ አራት ዓመት ይቀራታል። እኔ የምገዛላት አንድ ነው፣ ሁለተኛ የለም። አንተ ምረጥላት» አሉኝ።

ባለ ትልቅ ስክሪን፣ ለሥዕል ሥራ የሚሆን የግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን አወጣሁላቸው። አርባ ከአርባ ያገኘ እሱ ብቻ ነበር። ትዕግሥት ግን አጠገቡ የነበረችውን ትንሽ ላፕቶፕ በአንድ እጇ አነሳችና «ይቺስ?» አለች።

«ክዳኗ ተጭሯል፤ አንዱ የፍላሽ መሰኪያዋ አይሠራም፤ ስትከፈትም ትንሽ ትዘገያለች። ሠላሳ ሰባት ነው ያገኘችው።»

መምህር መኮንን ፈገግ አሉ። «ሠላሳ ሰባት ከአርባ የሚያመጣ ተማሪ በኖረኝ!» አሉ። የገዙት ግን አርባውን ነው። እኔም ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትዕግሥት ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች።

«ተበላሸብሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ጥሩ ነው። ግን ስቱዲዮ ውስጥ ሶኬት ያለው ግድግዳው ጋ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀድመው የሚይዙ አሉ። ከነቀልኩት ሃምሳ ደቂቃ ቢቆይ ነው። የእንዳ ኢየሱስን ዳገት በቀን ሁለቴ ተሸክሜው ወደ ስቱዲዮ መውጣትም አቃተኝ። አሁን ዶርም ትቼው ነው የምሄደው።»

«ታዲያ በምን ትሠሪያለሽ?»

«ጓደኛዬ ስትጨርስ በእሷ። ሥዕሉን ዓርብ እናስረክባለን። እስካሁን የጨረስኩት አንድ ገጽ ነው። ካላስረከብኩ ኮርሱን ወደቅኩ ማለት ነው።»

ከበላዬ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የአያ ሃፍቶም ጽሑፍ ተለጥፏል። እኔም ወደ እሳቸው ዞሬ «ማሽኑ ምንም እንከን የለበትም፤ አርባ ነው» አልኩ።

አያ ሃፍቶም ከወንበራቸው ተነሡ። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ከተቱና ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉት። «በል ወደይ፣ በል ልጄ፣ ከልጅቷ ጋር እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግርህ ውጣ። ስትመለስ ስንት ከአርባ እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

«ፕሮፌሰር፣ ደብተርህን እንዳትረሳ!» አለ ኪሮስ።

እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ወጣን። እዚያ ስንደርስ ቆም አልኩና ቦርሳውን ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻዬ አዞርኩ። ትዕግሥት አየችኝና «እኔም የምቀይረው እዚሁ ጋ ነው» አለች።

ከአርባዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ እሷ የሚጠይቅ አንድም እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ባትሪው ይሞላል ወይ ብዬ ነበር፤ ሞልቶ ስንት ሰዓት ይሠራል አላልኩም።

ስንመለስ አያ ሃፍቶም «ስንት?» አሉኝ።

«ለትዕግሥት ሃያም አይሞላም።»

ክዳኗ የተጫረው ላፕቶፕ ገዢ አጥታ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነበረች። የትዕግሥትን ሥዕል ጫንኩባት፤ ቻርጀሩን ነቀልኩና ሰዓቴን ያዝኩ። ትዕግሥት እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ መሥራት ጀመረች። ፋይሉ ለመከፈት ዘግይቷል፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። የላፕቶፗ ባትሪ ከአራት ሰዓት በላይ ቆየ። አያ ሃፍቶም ወልድያ ደውለው ከመምህር መኮንን ጋር ተነጋገሩና ቀየሩላት። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነሱትም፤ ዛሬም አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። መምህር መኮንን ነበሩ። «ሠላሳ ሰባቷ አስረከበች!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ አንድ አሮጌ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ላፕቶፕ የሚመርጥ ተማሪ መታወቂያውን ያስይዝና ማሽኑን ከነቻርጀሩ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። ሲመለስ ቻርጀሩን ሳይሰካ ይሠራበታል። ኪሮስ ይህን «የፕሮፌሰር መግቢያ ፈተና» ይለዋል። ከሱቁ በር ሳይርቁ ሐሳባቸውን የቀየሩ ብዙ ናቸው።

አዲስ የሚቀጠሩትን የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፦ ማሽኑን ከመመርመራችሁ በፊት ተማሪው የት ተቀምጦ እንደሚሠራና በምን እንደሚሄድ ጠይቁ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን የጻፍኩት በዚያው ደብተር ላይ ነው። ኪሮስ የትልቁ ማሽን ባትሪ የቆየው አርባ ደቂቃ ነው ብሎ ይከራከረኛል፤ እኔ ሃምሳ ብዬ ጽፌያለሁ። ትዕግሥት፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። መምህር፣ አያ ሃፍቶም በስልክ ምን እንዳሉዎት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያን ቀን የነበራችሁ ሁሉ የዘለልኩትን ጨምሩበት፤ ደብተሩ ላይ ቦታ አለ።