የአባዬ መፋቂያና የማዶው ማንዛኒታ

አባዬ የልብ ኦፕራሲዮን ካደረጉ በኋላ ሐኪሙ፣ “በየቀኑ ካልተራመዱ ልብዎ መልሶ ይደክማል” አላቸው። ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። እሳቸው ግን አሜሪካ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ባለው ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ፍንክች አይሉም። ብለምን፣ ብቆጣ፣ “ወዴት ልሂድ? ማን አለኝ?” ነው መልሳቸው። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ “እንግዲያው ሶፋው ይራመድልዎት” አልኳቸው አንድ ቀን። አልሳቁም። እናቴን የቀበርነው በቅርቡ ነው፤ እሳቸውንም እያየሁ ላጣቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ይኖራሉ። ግቢያቸው ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው። መሃሉ ላይ ማንዛኒታ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ የደረቅ ተዳፋት ተክል ነውና ውሃ አይለምንም። ግንዱ ቀይ፣ ፍሬው ጥቃቅን ፖም የሚመስል፣ በረዶ ሲወርድ እንኳ ቅጠሉ የማይረግፍ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ መጥቼ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ባልቴቷ ደጄ ላይ ቆመዋል። አባዬ አጠገባቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸው ውስጥ ቀይ እንጨት ይዘዋል። ወዲያው ገባኝ። ከአገር ቤት ያመጡት መፋቂያ አልቆባቸዋል፤ ብሩሽ ደግሞ ጥርስ አያጸዳም ባይ ናቸው። በመስኮት ሲያዩት ወደ ከረሙት ቁጥቋጦ ተሻግረው ቀንጥበዋል። እኛ ጋ ከጎረቤት አጥር መፋቂያ ለመቁረጥ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? እዚህ ግን ፖሊስ ቢጠሩስ ብዬ ከመኪናዬ ዘልዬ ወረድኩ።

“ባለቤቴ የተከለው ነው” አሉ ሴትዮዋ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ “ምን ያደርጉበታል?” አሉኝ። አባዬ ነገሩ ገብቷቸው አፋቸውን ከፍተው አሳዩአቸው። አንድም ጥርስ አልጎደለም። ሴትዮዋ የራሳቸውን ሰው ሠራሽ ጥርስ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ። “ደረቅ ደረቁን መቁረጥ ይቻላል። ነገ ይምጡና ላሳያቸው” አሉ።

እኔም ዘወር ብዬ ተረጎምኩ፣ “በየቀኑ ይምጡና ያግዙኝ ብለዋል።”

አባዬ የሰው አደራ አይጥሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀስ ይዘው ይሻገራሉ። ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ፤ ከቁጥቋጦው አልፈው ሰፈሩን መዞር ጀመሩ። በቀደም ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ ሲያበቃ በደስታ እጃቸውን ጨበጣቸው። ተመስገን፣ እኔ ሌላ ምን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከባድ በረዶ ጥሎ አደረ። ስነሣ ሶፋው ባዶ ነው። በመስኮት ሳይ፣ አባዬ ጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ የማንዛኒታው ቅርንጫፍ እንዳይሰበር በመኪናዬ የበረዶ መጥረጊያ በረዶውን ያራግፋሉ። ሮጬ ሄድኩና፣ በራቸው ላይ ቆመው ለሚያዩአቸው ባልቴት፣ ያን ቀን በትርጉሙ ላይ የጨመርኩትን ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ከአባዬ ሳይነቅሉ፣ “ደረቁ ቅርንጫፍ እኮ ካለቀ ቆይቷል” አሉኝ። “እንዳትነግሪያቸው።”