የጀማል እህት

«ለእማማ ደም ያስፈልጋል፤ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችኝ አንዲት ነርስ ባለፈው ሳምንት፣ ደሴ። ቀላል ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ መሀል ከደላላ ጋር ስከራከር ማንም የማይችለኝ ሴትዮ ነኝ። አልጋው ላይ የተኛችው ዘሀራ ናት፤ ያሳደገችኝ። ነርሷ አፍ አፌን እያየች ትጠብቃለች፤ የእኔ ሐሳብ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ዘመን ነጎደ።

ቤታችን ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ገራዶ ነበር። ዘሀራ ወንድ ትወልዳለች፣ ወንዱ ዳዴ ሳይል ይሞታል። ሦስት ቀበረች። ጎረቤት ከለቅሶ ሲወጣ «መቅኔ ቢስ ቤት!» ይላል፤ ያልሰማችው መስሎት። ከዚያ ጀማል ተወለደ። ጥርስ ሳያበቅል ያ የምናውቀው ሳል ጀመረው፤ አፉን ነጭ ነገር ሞላው፤ እንደ ወንድሞቹ መነመነ።

ያኔ ነው ዶክተር ኤርሚያስን ያገኘነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ከጴንጤ ቤተሰብ። ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ፣ በሽታ መከላከያ ሳይኖራቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ያጠና ነበር። ወንድ ልጅ እየተከታተለ የሚሞትበት ቤት አለ ሲባል ገደልም ቢሆን ይወርዳል። ጀማልን አገላብጦ አየው፣ ደሙን መረመረ።

«ደሙ ውስጥ በሽታ የሚመክትለት ነገር የለም» አለ። «መድኃኒቱ ከጤነኛ ወንድም ወይም እህት የአጥንት መቅኔ ወስዶ መስጠት ነው። መቅኔው ከያዘለት ራሱ መከላከያ ይሠራል። እኔ የተማርኩበት አገር ወስደን እናሠራለታለን።»

ዘሀራ መቅኔ የሚለውን ስትሰማ ደነገጠች፤ እሱም እንደ ጎረቤቶቹ የሰደባት መስሏት። ነገሩ ሲገባት ክንዴን ይዛ ወደፊት ገፋችኝ።

«እህቱ ይቻት!»

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው?»

«ወላሂ ዶክተር፣ ሁለቱም ይህን ጡት ነው የጠቡ!»

ሳቀ። ለእሱ ጨዋታ ነበር፤ ለእሷ መሐላ። የሦስታችንንም ደም ቀድቶ ወደ ውጭ ላከ።

ክረምት ነው። ኮምቦልቻ እሱ ዘንድ ደም ሰጥተን ስንመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዘሀራ መንገድ ዳር በለስ ገዛችልኝ፤ ራሷ እየላጠች፣ እሾሁ ጣቷን እየወጋት አጎረሰችኝ። «ብይ፣ የወንድምሽ ነፍስ አንቺ ጋ ናት» አለችኝ። ወይ ኩራቴ! ማታ ማታ አጥንቴን እየዳሰስኩ እተኛለሁ። ሰው ሕፃኑን እንዳይስም ዶክተሩ ስለከለከለ፣ በር ላይ ቆሜ ጎረቤት የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ተቀየሙን። ይቀየሙ!

ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዶክተሩ ቁጭ በሉ እንኳ አላለንም።

«ይህች ልጅ የጀማል እህት አይደለችም» አለ። «ከእርስዎ የወረሰችው አንድም ነገር የለም። ማን ናት?»

ዘሀራ ግራ ገባት። «እናቷ በወሊድ ሞተች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ቀብሬ ጡቴ ሞልቶ ነበር፤ አጠባኋት። በሸሪዓውም እህቱ ናት። ጡት ደም አይሆንም እንዴ?»

ልጇ እንዳልሆንኩ የሰማሁት እንዲያ ቆሜ ነው። ደግሞ አልዋሸችም እኮ! በእኛ ዘንድ አንድ ጡት የተጣባ ወንድምና እህት ነው፤ አይጋባም።

ዶክተሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ቀድመው ነግረውኝ ቢሆን የእርስዎን መቅኔ አዘጋጅ ነበር! ከባድ ነው እንጂ ይሞከራል። አሁን ሳንባው አልቋል፤ መንገዱን አይችለውም።» አጣርቶ ያልጠየቀው እሱ፣ የተቆጣባት እሷ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጀማል ገብሱ ሳይታጨድ ሞተ። ወንዶቹ ወደ ቀብር እንደወጡ ለዘሀራ ውሃ ይዤ ቀረብኩ። አየችኝና በሴቱ ሁሉ ፊት ጮኸች፤ «የሰው ልጅ አሳድጌ የራሴን ጨረስኩ!» ኧረ ተይ ያላት አንዲት ሴት የለችም። ሁሉም ከንፈር መጠጡላት። ውሃውን ይዤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ አልከፋችብኝም፤ አልብሳ፣ ድራ ኮምቦልቻ ሰደደችኝ። ያን ቃል ግን አንድ ቀን «ተሳስቼ ነው» አላለችም።

«ልጃቸው ነኝ» አልኳት ነርሷን በመጨረሻ። ዘሀራ ዓይኗን ገለጠች።

«አሳደግኳት እንጂ ደሟ አይሆንም። ያኔም አልሆነ።»

ነርሷ የእርጅና ወግ መስሏት ሳቀች። «ደም እንደዚያ አይደለም እማማ፤ ዓይነቱ ከገጠመ ባዕድም ይሰጣል።» መረመሩኝ፤ ገጠመ። ሰጠሁ።

በማግስቱ ፊቷ መለስ ሲል «የማንን ነው የሰጡኝ?» አለችኝ።

«የኔን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ይቅርታ ልትለኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኳት፤ በዚህ ዕድሜዬ!

«ለጀማል ነበር መሆን የነበረበት» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እውነቷን ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያንኑ ስመኝ ኖሬያለሁ። ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «የጀማል እህት» ብላ ብትጠራኝ ምን ነበረበት?