ባንቺዓለም እግር ያጠበች ዕለት

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ጥምቀት ሲደርስ ሞጣ ላይ ሥራ የሚበዛበት ሰው ማነው ቢባል፣ ቄሶቹ ናቸው የሚል አይጠፋም። ተሳስቷል። ሹሩባ ሠሪዋ ባንቺዓለም ናት። ከገና ማግስት ጀምሮ ደጃፏ በሴት ይሞላል። አንዷን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ስትሠራ ሌላዋ ተራዋን እየጠበቀች ታወራለች፤ ባንቺዓለም ደግሞ ወሬ አያመልጣትም። ማን ማንን እንዳየ፣ ማን ለማን መስታወት እንደላከ፣ የማን አባት እሺ እንዳለና የማን እናት እንዳኮረፈች ከእሷ ቀድሞ የሚሰማ የለም። ሠርታ ስትጨርስ «ዘንድሮስ ሳይወስድሽ አይቀርም» ብላ ልጅቷን ትሸኛታለች። ብዙ ጊዜም እውነቷን ነው።

የራሷ ነገር ግን እንዲህ አልቀናም። በልጅነቷ ተድራ፣ ሳይስማሙ ቀርተው ከባሏ ተፋታ ሞጣ ከገባች ቆይታለች። ሠላሳን ተሻግራለች። ቤቷ የራሷ፣ እጇ የተባረከ፣ ጨዋታ የምታውቅ ሴት ናት፤ ብቻ እራት ለአንድ ሰው ማቅረብ ሰልችቷታል። ልቧ ያረፈው በላቸው ላይ ነው።

በላቸው የቢቸና ቅቤ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ አህዮቹን እየነዳ ሞጣ ገበያ የሚመላለስ፣ ቁመቱ ረዘም፣ ንግግሩ አጠር ያለ ሰው። ሹሩባ ያለ ለጋ ቅቤ አያምርም፤ ስለዚህ በመጣ ቁጥር ከባንቺዓለም ደጃፍ አይጠፋም። ምርጡንም ለእሷ ያስቀራል። ታዲያ ቅቤውን አስረክቦ ቶሎ አይሄድም፤ የአህያውን ጭነት ያጠብቃል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያጠብቃል። ጎረቤቷ የሺእመቤት «ይሄ ሰውዬ እኮ ገመዱን ሊጨርሰው ነው» እያለች ትስቃለች።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ጠበቀ። የበላቸው አጎቶች ሮብ ገበያ ላይ አንዲት ልጅ አይተውለት ኖሮ፣ ከጥምቀት መልስ ሽማግሌ ሊልኩ ነው ተባለ፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርጉ እንዲያልቅ። ባንቺዓለም ወሬውን የሰማችው የሰው ጸጉር እየሠራች ነው። እጇ ቆመ። «አመመሽ እንዴ?» አለቻት ልጅቷ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለቻት። ሰውዬው ከተናገረ አሁን ተናገረ፤ ካልተናገረ አለቀ። ሴት ደግሞ ቀድማ አትናገርም።

በላቸውም ቆርጦ ነበር። በከተራው ዋዜማ ነጭ ኩታውን ለብሶ፣ ቅቤውን ይዞ መጣ። የዕድል ነገር ሆነና፣ የዚያኑ ቀን የባንቺዓለም ታላቅ ወንድም መሪጌታ አካለ ወልድ በዓሉን ከእህታቸው ጋር ሊውሉ ከየጥኖራ በእግራቸው ገብተዋል። ከዚያ በፊት ሞጣን ረግጠው አያውቁም፤ የሚያውቃቸውም የለም። ባንቺዓለም እንደ አባት ያሳደጓትን ወንድሟን መደብ ላይ አስቀምጣ፣ ተንበርክካ እግራቸውን አጥባ፣ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል በላቸው በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ አገር ሚስት ለባሏ የምታደርገው ይህንኑ ነው። መሪጌታ ደግሞ የማያውቁትን ወንድ በእህታቸው በር ላይ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ እንደ አባወራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምን ፈልገህ ነው?» አሉት። «ቅቤ ነበር» አለ። አስቀመጠና ሄደ። ማጥበቅ የለ፣ መፍታት የለ።

ባንቺዓለም ምንም አልገባትም። በጥምቀት ዕለት መንገድ ላይ ሲገናኙ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እንዴት ዋሉ፣ እመቤቴ» ብሏት አለፈ። ያ የለመደችው ሰው ዛሬ አንቱ ይላታል! ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አመሻሹ ላይ የሺእመቤት እየሳቀች መጣች። «በላቸው እኮ ወቀሰኝ! ባሏ መምጣቱን ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። የቱ ባሏ ብዬ ሳልጨርስ ጥሎኝ ሄደ» አለቻት። ባንቺዓለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወዲያው ግን ሰውዬው በማግስቱ ወደ ቢቸና እንደሚነሣ ትዝ አላትና ሳቋ ጠፋ።

ወንድሟን ለመነች። «አያ፣ እርስዎ ሄደው ወንድሟ ነኝ ቢሉትስ?»

«እኔ እህቴን ይዤ በሰው ደጅ ልዙር?» አሉ መሪጌታ። «የፈለገሽ ራሱ ይምጣ።» ጋቢያቸውን ተከናንበው ዞሩ። ወጉ እንደዚያ ነውና ምን ትበላቸው?

በቃና ዘገሊላ ሚካኤል ሲገባ ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። በላቸው አህዮቹን ጭኖ፣ ከሕዝቡ ዳር ቆሞ ታቦቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ባንቺዓለም ነጠላዋን አስተካክላ ሰውን እየሰነጠቀች ወደ እሱ ሄደች። ደንበኞቿ ሁሉ ያዩዋታል።

«በላቸው፣ ወንድሜ ነገ ወደ የጥኖራ ይመለሳሉ። ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀን ቆይተህ እስከ ቢቸና አብረሃቸው ብትሄድ ብዬ ነው» አለችው።

«የቱ ወንድምሽ?»

«ከእሳቸው ሌላ የለኝም። እግራቸውን ሳጥብ ያየሃቸው ናቸው።»

በላቸው አፈጠጠባት። ከዚያ ወደ አህዮቹ ዞረና ጭነቱን ያራግፍ ጀመር። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል፤ እየሳቀ ይሁን እያፈረ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች የባንቺዓለምን ቤት አንኳኩ። በላቸው አጎቶቹን አልጠበቀም፤ እዚያው ሞጣ የሚያውቃቸውን ሦስት አዛውንቶች ለምኖ ነው የላከው። የሮብ ገበያዋ ልጅ ገና አልተጠየቀችምና የተቀየመ የለም። እሱ ራሱ እንደ ወጉ ደጅ ቀረ። መሪጌታ ዘር አስቆጠሩ፣ ጠየቁ፣ ትንሽም አንገራገሩ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሊሰጡን ነው ብለው ሲጠብቁ፣ እሳቸው ወደ ጓዳው ዞረው «ባንቺዓለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ባንቺዓለምም ከመጋረጃው ጀርባ ደርቃ ቀረች። ያን ጊዜ ሲድሯት የሰውዬውን ስም እንኳ የነገራት አልነበረም፤ በዕድሜዋ ሙሉ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እወደዋለሁ፣ አያ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፤ ደጅ የቆመው በላቸውም ሰማ።